አዝራር የሌላት ሞተረኛ

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። በእኛ ከተማ ከበሮ መቺ ማለት ለሠርግና ለበዓል የሚጠራ ሰው ማለት አይደለም፤ የብልሽት ዳኝነት ጽሕፈት ቤት ሹመኛ ነው። ስሜ ጫኔ ይባላል። የከተማዋን ስም ግን አልነግራችሁም። ነግሬያችሁ ልትጠይቁን ብትመጡና ውሃ በጠፋበት ቀን ብትደርሱ ሁላችንም እናፍራለን፤ ውሃ ባለበት ቀን ብትደርሱ ደግሞ እኔን ሥራ ፈትቼ ታገኙኛላችሁ። ስለዚህ ስሟ ይቅርብን።

ሥራዬ እንዲህ ነው። አንድ ሞተር ይበላሻል። ሰፈሩ ይጮኻል፣ ጠጋኝ ይጠራል፤ ጠጋኙም መጥቶ ይለፋል፣ ያልበዋል። ሞተሩ የተነሣ እንደሆነ ከበሮዬን ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ጠጋኙ በርሜል ላይ ይወጣና የብልሽት ዳኛው በካባው ላይ አንድ የነሐስ አዝራር ይሰፉለታል። በከተማችን ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጠውም፣ ሲያልፍ ከመቀመጫ የሚነሡለትም በአዝራሩ ብዛት ነው። አርባ ሁለት አዝራር የሞላለት ሰው ከዳኛው በስተቀኝ ወንበር ይሰጠዋል። ወንበሩ እስካሁን ባዶ ነው፤ ቢሆንም በየሳምንቱ አቧራው ይጠረጋል። በከተማችን ሳይበላሽ የሚጠረግ ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

ሁለት ደንቦችን ማወቅ አለባችሁ። አንደኛው፣ ካባ ለባሽ ተጠርቶ ሄዶ ሳይጠግን ከተመለሰ አንድ አዝራር ይነጠልበታል የሚለው ነው። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ሳይጠግን የተመለሰ የለም። አንዱ ተጠርቶ ሲደርስ ሞተሩ በራሱ ተነሥቶ ጠበቀው ይባላል፤ ሰውየው ግን አልደነገጠም፣ እስኪመሽ ፈታትቶ፣ በማግስቱ ገጣጥሞ፣ አዝራሩን ተቀብሎ ሄደ። ሁለተኛው ደንብ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም አዝራር ያላገኘ የጥገና ሠራተኛ ሥራውን እንደማያውቅ ይቆጠራል ይላል። እንዲህ ያለው ሰው ሥልጠና ይገባል፣ ይፈተናል፣ ከወደቀም የሞተር ቤቱን ቁልፍ ያስረክባል።

በጽሕፈት ቤታችን በር አናት ላይ በትልልቅ ፊደል «ሳይቃጠል በቅጠል» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንዳስጻፈው አይታወቅም። ማንበብስ ሁላችንም እንችላለን፤ ነገር ግን በጣም ከፍ ብሎ ስለተጻፈ ቀና ብሎ የሚያየው የለም።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ደብሪቱ ልነግራችሁ ብዬ ነው።

ከተማችን ላይኛው በርና ታችኛው በር የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች አሏት። የሁለቱም ውሃ የሚሳበው ከታችኛው በር በታች፣ በገደል አፋፍ ሥር ካለው ምንጭ ሲሆን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሞተር አላቸው። ሞተሮቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጡ መንትዮች ናቸው። የላይኛው በር ሞተር ስሙ የገነነ ነው፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ሞቶ አርባ አንድ ጊዜ ተነሥቷል። ያስነሣው ጓንጉል ነው፤ ስለዚህ ጓንጉል አርባ አንድ አዝራር አለው፤ ሲራመድ ይንሿሿል። የታችኛው በር ሞተር ግን ስም የለውም። የሚጠብቀው ደብሪቱ ናት፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ ከበሮዬን ይዤ ወደዚያ የወረድኩበት ቀን አልነበረም። ሞተሩ አንድም ቀን አልቆመም።

ደብሪቱ አጠር ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። በየማለዳው የካቻቪቴዋን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ታዳምጣለች። ውስጡ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ሲያንሰው ድምፁ ይሻክራል፤ ያን ጊዜ ግራሶ ትቀባዋለች። ከዚያ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው፣ የእጇን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳርፋ ሙቀቱን ታያለች። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ሳጥን ትከፍታለች። ከመክፈቷ በፊት ማብሪያውን ታጠፋለች፤ አጥፍቻለሁ ብላም እጇን አትሰድም፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ሳታረጋግጥ ምንም አትነካም። አቧራውን በብሩሽ ጠርጋ፣ በየሽቦው ጫፍ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ በካቻቪቴ ወደ ቀኝ ጫን ታደርጋቸዋለች። ያየችውንና የሰማችውን በሞተር ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ይኸው ነው ሥራዋ። ሰው ቆሞ ቢያይ አንድም የሚያጨበጭብለት ነገር አያገኝም።

የሳጥኑ በር ሲመጣ ጀምሮ መያዣ አልነበረውም፤ በገመድ ነበር የምታስረው። መያዣ እንዲሰጣት ለጽሕፈት ቤታችን በየዓመቱ ማመልከቻ ትጽፋለች። መልሱም በየዓመቱ አንድ ነው፤ ዕቃ የሚሰጠው ለተበላሸ ሞተር ስለሆነ በመጀመሪያ ብልሽት አቅርቢ ይላል።

የላይኛው በር ሞተር በሞተ ቁጥር የላይኛው በር ሴቶች ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ታችኛው በር ቦኖ ይወርዳሉ። ሁልጊዜ ከፊት የምትወርደው አልጣሽ የምትባል ሴት ነበረች። አልጣሽ የጓንጉል ሚስት ናት። ባሏ እላይ ለአዝራሩ ሲለፋ፣ እሷ እታች ከደብሪቱ ቦኖ ትቀዳለች። እልል ለማለት ተመልሳ ዳገቱን ስትወጣ ከእነጄሪካኗ ስለሆነ እልልታዋ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆራረጣል።

እንግዲህ ዐሥረኛው ዓመት ሞላና ደብሪቱ የሥልጠና ጥሪ ደረሳት። «የብልሽት ፍለጋና የጥገና ሥልጠና» ይላል ወረቀቱ። ከእሷ ጋር ሌሎች አምስት አዝራር የሌላቸው ሠራተኞች ተጠርተው ነበር። አሠልጣኙ ጓንጉል ነው። እኔም በየትምህርቱ መጨረሻ ከበሮ እንድመታ ታዝዤ ስለነበር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስለ አመጣጥ ነበር። ጠጋኝ አይቸኩልም፣ ግን የቸኮለ መምሰል አለበት አለ ጓንጉል፤ አዳራሹን ሁለት ጊዜ በሶምሶማ ዞሮም አሳየን። በሁለተኛው ቀን ሳጥን ከመክፈት በፊት ራስን እንዴት መነቅነቅ እንደሚገባ ተማሩ። የሦስተኛው ቀን ስለ አነጋገር ነበር። «ብሎን ላልቶ ነው» ብሎ ሰው ፊት መናገር ነውር መሆኑን፣ እንዲህ ከማለት ይልቅ «ነገሩ ከሥሩ ነው» ማለት እንደሚሻል አስረዳቸው። ሠልጣኞቹ ይህንን ሦስት ጊዜ ጻፉት።

ጓንጉልን ሞኝ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በአራተኛው ቀን ካባውን አውልቆ አንድ የተቃጠለ ሞተር ፊታችን ፈታ፤ ያን ጊዜ እጆቹን ያየ ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። ሽቦውን ሲጠመጥም ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደብሪቱ ራሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ያለ እጅ አይታ አታውቅም፤ ይህ ሰው ሞተሩ ከመቃጠሉ አንድ ቀን ቀድሞ ቢመጣለት ኖሮ ብላ አዘነችለት።

ከዚያ ጥያቄ ተጀመረ። ሞተር አልነሣ ሲል በመጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ደብሪቱን ጠየቃት።

«መብራት መምጣቱን አያለሁ» አለች። «ቀጥዬ ፊውዙን፣ ከዚያ ማብሪያውን፣ ከዚያ የሽቦዎቹን ጫፍ። ከቅርቡ ጀምሬ ወደ ሩቁ እሄዳለሁ እንጂ ሞተሩን አልፈታም።»

«መብራት የጠፋ ቢሆንስ?»

«እስኪመጣ እጠብቃለኋ፣ ጋሽ ጓንጉል።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ መካድ አልችልም። ጓንጉል ግን አልሳቀም፤ የራሱን ካባ ዝቅ ብሎ ሲያየው ነበር። ከነዚያ አዝራሮች አንዳንዶቹ መብራት ጠፍቶ የመጣ ዕለት የተሰፉ መሆናቸውን ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሲጨርሱ ደብሪቱ እጇን አወጣችና ሞተሩ ሳይበላሽ በፊት ስለሚደረገው ነገር የምንማረው መቼ ነው ብላ ጠየቀች። ጓንጉል የትምህርቱን መርሐ ግብር ከላይ እስከ ታች አገላብጦ አጣው። የማያውቀውን አውቃለሁ የሚል ሰው ስላልሆነ ለብልሽት ዳኛው ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ያልተበላሸ ነገር በጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን ሥር አይደለም ይላል። ትምህርቱም በዚሁ ተዘጋ፤ ከበሮዬን መታሁ።

ፈተናው በአደባባይ፣ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ በተለያየ ቀን ነበር፤ የደብሪቱም ተራ ደረሰ። አንድ ሞተር ከነሳጥኑ በመድረክ ላይ ቆመ። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ዋዜማውን ሳጥኑ ውስጥ አንድ ብሎን አላልተውበታል። ብልሽቱ ይኸው ነው፤ ተፈታኟ በሕዝብ ፊት ትፈልገዋለች፣ ታገኘዋለች፣ እኔ እመታለሁ፣ ደብሪቱም በዐሥር ዓመቷ የመጀመሪያ አዝራሯን ታገኛለች። ልባችን ሁሉ ከእሷ ጋር ነበር። ዳኛው እንኳ ጥያቄው ቀለል እንዲል ብለው ብሎኑን በደንብ እንዲያላሉት አዝዘው ነበር አሉ።

ደብሪቱ ግን ቀደም ብላ መጥታለች። ልማዷ ነው። አደባባዩ ባዶ ነበር፤ ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ምን ነበረበት? ሞተሩን ዞር ዞር ብላ አየችው። አቧራ አለበት። ቀኑም ሐሙስ ነው። ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አይታ ሳጥኑን ከፈተችና አቧራውን ጠረገች፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገቻቸው። ከዚያ በሩን ዘግታ፣ እጇን ጠርጋ፣ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ዳኛው ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያም «ይኸውላችሁ፣ አይነሣም» ብለው ማብሪያውን ተጫኑት።

ሞተሩ ተነሣ።

አጠፉና እንደገና ተጫኑት። እንደገና ተነሣ። ዳኛው ወደ ሳጥኑ፣ ወደ ጸሐፊያቸው፣ በመጨረሻም ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«ብልሽቱ የት ሄደ?»

«አንድ ብሎን ላልቶ ነበር፤ አጠበቅሁት» አለች ደብሪቱ።

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

ዳኛው የደንቡን መጽሐፍ አስመጥተው እዚያው ቆመው አነበቡ። ፈተናው ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ነው፤ ፈተናው በተጀመረበት ሰዓት የተገኘ ብልሽት የለም፤ ስለዚህ ተፈታኟ ምንም አላገኘችም። ወድቃለች። ዱላዬን ወደ ላይ አንሥቼ ነበር፤ ሳልመታ ቀስ ብዬ ወደ ታች አወረድኩት። ዱላ ሳይመታ ሲወርድ ክንድ እንደሚያም ያን ዕለት ነው ያወቅሁት።

በስምንተኛው ቀን ቁልፉን ለጓንጉል እንድታስረክብ ተፈረደ። በርክክብ ደንባችን መሠረት ተረካቢው ሞተሩን በሕዝብ ፊት ይመረምራል። ጉድለት ካገኘ እዚያው ይጠግናል፣ አዝራር ይሰፋለታል፣ ርክክቡም ይጸናል። ጉድለት ካላገኘ ቁልፉ በነበረበት እጅ ይቆያል፤ ተረካቢውም ሄዶ ሳይጠግን እንደተመለሰ ካባ ለባሽ ሁሉ አንድ አዝራር ይነጠልበታል። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ ተነጥሎ የሚያውቅ አዝራር የለማ። ሰው ሁሉ ያወራ የነበረው ስለ አርባ ሁለተኛው አዝራርና ስለ ወንበሩ ነበር።

ደብሪቱ የምትኖረው ከሞተር ቤቱ ጋር በተያያዘች አንዲት ክፍል ነው። ቁልፉን ስታስረክብ ክፍሏንም ትለቃለች። እሷ ግን የተጨነቀችው ለክፍሏ አልነበረም። የላይኛው በር ሞተር የዚህ መንትያ መሆኑን፣ ምን እንደደረሰበትም ታውቃለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው የእሷ ቅጣት በሞተሩ ላይ ሊወርድ ነው።

የታችኛው በር ሽማግሌዎች በአምስተኛው ቀን ተሰብስበው ወደ እሷ መጡ። መሪያቸው አባባ ወልደየስ የሚባሉ፣ ሰው ሲበደል እንቅልፍ የሚያጡ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ተመካክረን መፍትሔ አግኝተናል አሏት። ሞተሩን አንድ ቀን ብቻ ታበላሸዋለች፤ ሰፈሩ ወጥቶ ይጮኻል፤ እሷ ታነሣዋለች፤ እኔ እጠራና እመታለሁ፤ አዝራር ታገኛለች። አዝራር ያገኘ ሰው ደግሞ ከዐሥሩ ዓመት ደንብ ነፃ ነው። ሴቶቹ ለጩኸቱ ተራ ሳይቀር አውጥተዋል፤ ማን ቀድሞ እንደሚጮኽም ተስማምተዋል።

«አንድ ቀን ብንጠማ አንሞትም፣ ልጄ» አሏት አባባ ወልደየስ። «አንቺ ከምትወጪብን እኛ አንድ ቀን ይጥማን።»

ደብሪቱ እስኪ ላስብበት ብላ ሸኘቻቸው። በማግስቱ ማለዳ ወደ ሞተር ቤቱ ገባች። የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ማብሪያውን አጠፋች፣ በቴስተር አየች፣ ገመዱን ፈትታ ሳጥኑን ከፈተች። የካቻቪቴውን ጫፍ በመጀመሪያው ብሎን ላይ አሳርፋ ወደ ግራ ልታዞር ያዘች።

«ጋሼ ጫኔ፣ እጄ እምቢ አለኝ» ነው ያለችኝ። «ወደ ግራ ነው እያልኩት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ ያው ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ለአንድ ነገር ያስለመድኩት እጅ ነው፤ አሁን ምን ብዬ ላሳምነው? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

አልቅሳ ስትጨርስ፣ አንዴ ከከፈትኩት ብላ አቧራውን ጠረገች። ኩሽኔታው ሻከር ብሎ ስለነበር ግራሶ ቀባችው። ከዚያ ወጥታ ለአባባ ወልደየስ አልሆነልኝም አለቻቸው። ሴቶቹ ለጩኸት ያዘጋጁት ጉሮሮ ሥራ ፈታ።

የርክክቡ ቀን ደረሰ። የሁለቱም በር ሰው ወርዷል። ዳኛው በወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊያቸው አንድ አዲስ የነሐስ አዝራርና ክር የተሰካበት መርፌ በሳህን ይዞ ቆሟል። እኔ ከበሮዬን አንግቼ ከሞተር ቤቱ በር አጠገብ ነኝ። አልጣሽም መጥታለች፤ ጄሪካኗን ይዛለች። ያን ቀን የላይኛው በር ውሃ ደህና ነበር። እሷ ግን ባሏ ካባ የለበሰ ዕለት ውሃ እንደሚጠፋ ከልምድ ስለምታውቅ፣ ለማንኛውም ብላ ቦኖው ሥር ተሰልፋ ትቀዳ ነበር።

ጓንጉል አዝራሮቹን እያንሿሿ ገባ። በሶምሶማ አልመጣም፤ ራሱንም አልነቀነቀም። ያየ ሁሉ ይህን ታዝቧል። መብራት መኖሩን አየ። ፊውዙን አየ። ከዚያ ማብሪያውን፣ ከዚያ የሽቦዎቹን ጫፍ፤ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ሩቁ ሄደ። ይህን ቅደም ተከተል ከማን እንደተማረው እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ሞተሩን አስነሥቶ ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረና የዐሥሩን ዓመት የጠመኔ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። «ድምፁ ሻከረ፣ ተቀባ።» «ሦስተኛው ብሎን ላላ፣ ጠበቀ።» «ዛሬ ሞቆ ነበር፤ አይጥ የአየር መውጫው ላይ ጎጆ ሠርታለች፣ ተነሥታለች።» ጣቱን በየመስመሩ ላይ እያሳለፈ ያነብ ነበር። አንዳንዱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ልክ እንዲህ ባለ ነገር ላይኛው በር ላይ አዝራር የተቀበለበትን ቀን ያስታውስ ነበር መሰለኝ።

ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ዳኛው ሁለት ጊዜ አንቀላፍተው ሁለት ጊዜ ነቁ፤ ጉድለቱስ ብለው ጠየቁ። በመፈለግ ላይ ነኝ አለ ጓንጉል። ኃይሉን አጠፋና ሳጥኑን እንደገና ከፈተ። ጀርባው ለሕዝቡ ስለሆነ እጁን የምናየው እኔና ደብሪቱ ብቻ ነን። ካቻቪቴውን ብሎን ላይ አሳረፈ፤ የእጁም አያያዝ ወደ ግራ ነበር። ግማሽ ዙር ትበቃዋለች። ግማሽ ዙር፣ ከዚያ አርባ ሁለት፣ ከዚያ ወንበሩ።

ደብሪቱ የቀሚሷን ጫፍ ጨብጣ ቆመች። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ሰዓት እጄ ከበሮው ላይ ነበር፣ መምታት አምሮኝ ነበር። ባለሙያ ነኝና።

ያን ጊዜ አልጣሽ ከቦኖው ሥር ሆና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች።

«ጓንጉል፣ ጄሪካኔ እስኪሞላ ታገሠኝ።»

ጓንጉል ቀጥ አለ።

«የላዩ ሲቆም ወደዚህ እወርዳለሁ» አለች ሚስቱ። «ይህ ሲቆም የት እንደምወርድ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው ገደል ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። በቧንቧው የቀረው ውሃ ጄሪካኑን ሲሞላ ይሰማ ነበር። ጓንጉል ካቻቪቴውን ከብሎኑ ላይ አነሣና መሬት አስቀመጠው። ከመሣሪያ ሣጥኑ ፒንሳ አወጣ፤ የካባውን ጫፍ ሰብስቦ፣ የመጨረሻውን፣ የአርባ አንደኛውን አዝራር ክር ቆረጠ።

«ጉድለት የለውም» አለ።

«በደንብ ፈልግ እንጂ» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አልለቅምም።»

አዝራሩን በመዳፉ ይዞ ለዳኛው ዘረጋላቸው። ዳኛው አልተቀበሉትም። በዕድሜያቸው አዝራር ሲሰፉ እንጂ ሲቀበሉ ኖረው አያውቁም። ጸሐፊው መጽሐፉን አገላበጠ፤ የተነጠለ አዝራር የት እንደሚቀመጥ የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም። የት ይቀመጥ፣ በማን እጅ ይቆይ እያሉ ሲከራከሩ ጓንጉል እጁን እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ።

«እኔ ጋ ቦታ አለው» አለች ደብሪቱ።

አዝራሩን ከመዳፉ አነሣችው። የሳጥኑን በር ያሰረችበትን ገመድ ጎትታ ጣለች፤ የአዝራሩን ቀለበት መያዣው ሊገባበት ይገባ በነበረው ቀዳዳ አሳልፋ በሽቦ አሰረችው። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፤ እንደገና ከፈተች፣ ዘጋች። ያማረ መያዣ ወጣው። ጸሐፊውም በመዝገቡ ላይ ለታችኛው በር ሞተር የበር መያዣ አንድ ተሰጠ ብሎ ጻፈ፤ የዐሥር ዓመት ማመልከቻዋም በዚሁ መልስ አገኘ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምን ልምታ? ለተነሣ ሞተር ሦስት ነው። ላልወደቀ ሞተር ስንት እንደሚመታ አልተማርኩም። ዱላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ደብሪቱ ማብሪያውን ተጫነች፣ ሕዝቡም እኔን እየጠበቀ ዝም አለ። እኔ ዐሥር ዓመት ሙሉ የሞተር አገልጋይ ነኝ፤ ሁልጊዜ ግን ሞተሩ ሲነሣ ከበሮዬ ይሸፍነዋል። ሞተር በደህና ጊዜ ምን ድምፅ እንዳለው የሰማሁት ያን ቀን ነው። አንድ ወጥ፣ ለስላሳ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን በትክክል አላውቅም።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፏል። ጓንጉል ሐሙስ ሐሙስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከደብሪቱ ጋር ጆሮውን ካቻቪቴ ላይ ደግፎ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወጥቶ የላይኛውን በር ሞተር እንዲሁ ያደርጋል። በግድግዳው ላይም መጻፍ ጀምሯል፤ ጽሑፉ ግን አስቀያሚ ነው። አርባ አዝራሮች አሉት። የላይኛው በር ሞተር ከዚያ ወዲህ አልሞተም። አልጣሽ የጄሪካኗን አፍ ቆርጣ ጤና አዳም ተክላበታለች። ባዶው ወንበር አሁንም ባዶ ነው፤ በየሳምንቱም ይጠረጋል።

የተቸገርኩት እኔ ነኝ። ከበሮዬ ከተመታ ሰባት ወር ሆነው። ያልተመታ ከበሮ ቆዳው ይላላል፤ ደብሪቱ ሳማክራት ሐሙስ ሐሙስ ፀሐይ አስመትተህ ጠፍሩን ሳብ ሳብ አድርግለት አለችኝ። ባለፈው ሐሙስ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ጠፍሩን ስስብ ዳኛው ወጡ። አጠገቤ ቆሙ።

«ተበላሸ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ትነካካዋለህ?»

«እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አልኳቸው።

አንድ የሚያውቁትን ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ፤ ዓይናቸውም በሩ አናት ላይ ባለው ጽሑፍ ላይ ዐረፈ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጫኔ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ይህ ነገር እዚህ የተጻፈው መቼ ነው?»